ከኋላ የሚመጣ እጅ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ቀድሜ መናገሩ ይሻላል። ሳይክል የምትነዳ ሴት ያዩ ሰዎች «አይ ድፍረት!» ሲሉኝ ፈገግ ብዬ አልፋለሁ፤ አንባቢን ግን እንደዚያ ፈገግ ብሎ ማለፍ ማታለል ይሆንብኛል። ሳይክል ላይ የወጣሁት ራሱ ከፍርሃት ስሸሽ ነው።

የምኖረው ሸጎሌ፣ ከከብት ገበያው ራቅ ብለው በተሠሩት አዳዲስ ቤቶች ውስጥ፣ ከእናቴ ጋር ነው። የምሠራው ጳውሎስ፣ አንድ ትንሽ የግል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ደም ስቀዳ እውላለሁ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ረጅም አይደለም። የሚረዝመው ታክሲ እስኪገኝ ያለው ነው። ጠዋት ጠዋት ሰልፍ አለ፤ ሰው «ከማን ቀጥሎ ነህ?» እየተባባለ በሥርዓት ይቆማል። ሚኒባሱ ብቅ ሲል ግን ሰልፍ የሚባል ነገር እንዳልነበረ ሆኖ ግፊያ ይጀመራል። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ልጅ ያዘለችው፣ ሁሉም ወደ አንዲት በር። በዚያ ግፊያ ውስጥ ነው እጅ የሚመጣው።

የእጁን ነገር ሴት አንባቢዎቼ ሳልነግራቸው ያውቁታል። ለወንዶቹ ልንገራቸው። ከኋላ ይመጣል፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ዞር ብለሽ ብታዪ አምስት ስድስት ፊት ታያለሽ፤ ሁሉም ሥራ የረፈደበት ሰው ፊት ነው፣ ሁሉም የታክሲውን በር ነው የሚያየው። አንድ ጠዋት እጁ ወገቤ ላይ አረፈና አልነሳም አለ። በግፊያው መሃል ወደ ፊት እየገፋኝ፣ እየጨመቀኝ፣ በሩ ላይ እስክደርስ ድረስ አብሮኝ መጣ። ልጮህ ነበር። ምን ብዬ? አፌ ተሳሰረ። ገብቼ ተቀመጥኩ። መውረጃዬንም አልፌ ሄድኩ፤ ረዳቱ «እህት፣ ጳውሎስ አላልሽም እንዴ?» ሲለኝ ነው የነቃሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀርባዬ ከኔ ቀድሞ የሚደነግጥ ሆነ። ላቦራቶሪ ውስጥ ወንበሬን ከግድግዳው አስጠግቼ አስቀመጥኩት። ቸርች ውስጥ ከመዘምራኑ አጠገብ መቀመጥ የምወድ ሴት የመጨረሻውን አግዳሚ መረጥኩ፤ ከኋላው ያለው ግድግዳ ብቻ ስለሆነ ነው። እናቴ ትሕትና መሰላትና ደስ አላት። አልነገርኳትም። እንዴት ተብሎ ይነገራል? «እጅ ነካኝ» ቢባል ከተማው ሁሉ በታክሲ ሲሄድ የሚነካካ ነው።

ሳይክሉ የአጎቴ ልጅ ንብረት ነበር። ሥራ ተዛውሮ ክፍለ ሀገር ሲሄድ እኛ በረንዳ ላይ አቁሞት ሄደ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አቧራውን ጠርጌ ወደ ታች አወረድኩት። በአዲሶቹ ቤቶች መካከል አስፋልቱ አልቆ ለመኪና ገና ያልተከፈተ መንገድ ነበር፤ በሠላሳ ሦስት ዓመቴ እዚያ ላይ ስወድቅ ስነሳ ተማርኩ። የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው ሳቁብኝ። ይሳቁ። ሚዛኔን ጠብቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብዬ የሄድኩ ዕለት የገባኝ ነገር ሌላውን ሁሉ አስረሳኝ፦ ከኋላዬ ማንም የለም። መኪና ሊኖር ይችላል። መኪና ግን ቢያንስ ጡሩምባ ይነፋል።

ወደ ሥራ በሳይክል መመላለስ ጀመርኩ። እናቴ በየጠዋቱ እጇን ጭንቅላቴ ላይ ጭና ትጸልይልኝና «አንቺ ልጅ፣ እንደ ሰው በታክሲ አትሄጂም?» ትለኛለች። መንገዱ ደግሞ ለብቻዬ አልተመቸኝም። ሚኒባሶቹ ከአስፋልቱ ጠርዝ ጋር ያጣብቁኛል፤ ከየሱቁ በር «ባልሽ የት ሄዶ ነው?» የሚል አይጠፋም። አንድ ባለ ባጃጅ አንድ ቀን ስልክ ቁጥሬን እየጠየቀ፣ እያዘገመ፣ ጎን ለጎን ብዙ መንገድ ተከተለኝ። የዚያን ዕለት ላቦራቶሪ ስደርስ መርፌ መያዝ አቃተኝ። የመጀመሪያውን ታካሚ ጓደኛዬ ቀዳችልኝ።

ክለቡን ያገኘሁት በዚያው ሰሞን ነው። ጎማዬ ተንፍሶ ጳውሎስ አካባቢ ያለ ጎሚስታ ጋ ገፍቼ ወሰድኩት። ግቢው ውስጥ ቀጭን፣ ስልሳውን ያለፉ ሰው ተደፍተው የሳይክል ካቴና ያጥባሉ። በወጣትነታቸው ተወዳዳሪ ነበሩ። ግቢውን የሚጠቀመውን የሳይክል ክለብ ያቋቋሙትም፣ የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል።

«ብቻሽን ነው የምትነጂው?» አሉኝ ቀና ብለው።

«አዎ ጋሼ።»

«አትፈሪም?»

«እፈራለሁ።»

መልሴ ደስ አላቸው መሰለኝ፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ታዲያ ከኛ ጋር ንጂ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከዚሁ ነው የምንነሳው። ሴቶች ይምጡልን እያልን ስንለምን ነው የኖርነው። ይመጣሉ፣ ግን አይቆዩም።»

በቡድን መንዳት ሌላ ነገር ነው። ሃያ ያህል ወንዶች ናቸው፤ ሾፌር አለ፣ አስተማሪ አለ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለ። እኔን መሃል አስገቡኝ። ሚኒባሱ ይጠብቃል፣ ባጃጁ መንገድ ይለቃል፣ «ባልሽ የት ሄዶ ነው» ባዩ አፉን ይይዛል። ከጳውሎስ ተነስተን የሽሮ ሜዳ ዳገት ግርጌ እስክንደርስ ድረስ ያለ ስጋት ነዳሁ። እኔ ያለ ስጋት! ይህን የምጽፈው በኋላ ለምን ጥያቸው እንዳልሄድኩ እንዲገባ ነው። ያለ እነሱ መንገዱ አይሆንልኝም። መንገዱ ካልሆነልኝ ደግሞ ያለኝ ታክሲ ነው፤ ወደዚያ ግፊያ ከምመለስ ሥራዬን ብለቅ እመርጥ ነበር።

ከዚያ ዳገቱ መጣ።

ሳይክል ነጂዎች ዘንድ አንድ ወግ አለ። ዳገት ላይ ጠንካራው ደካማውን ይገፋል። በአንድ እጁ መሪውን ይይዛል፣ በሌላው መዳፉ የደከመውን ሰው ወገብ፣ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ አድርጎ ይደግፋል፤ ሁለቱ አብረው ይወጣሉ። ጋሼ እንደሚሉት ከድሮ ተወዳዳሪዎች የተወረሰ ነው፣ ኩራታቸው ነው፣ «ማንንም ጥለን አንሄድም» ማለት ነው። ይህን ሁሉ በኋላ ነው የሰማሁት። የዚያን ዕለት የነገረኝ የለም። እየተንገታገትኩ ስወጣ ድንገት ከኋላ ወገቤ ላይ እጅ አረፈ።

ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ጆሮዬ ደነቆረ፣ መሪው በእጄ ውስጥ ተወዛወዘ። ዞር ብዬ እንዳላይ እወድቃለሁ፣ እንዳልቆም ከኋላ ሰው አለ፣ ፍሬን እንዳልይዝ እየተገፋሁ ነው። «አይዞሽ እህቴ! ማርሽ ቀይሪ!» ይላል አንድ ድምፅ። ግራና ቀኝ የጋቢ ነጋዴዎች ሱቃቸውን እየከፈቱ ያዩናል። ዳገቱን በሙሉ ራሴን እንደያዝኩ፣ ትንፋሼን እንደያዝኩ ወጣሁ። ዳገቱ ሲያልቅ እጁ ተነሳ። ዞሬ አየሁት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነበር፤ ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ የእህቱን ሰርግ በራሱ ደሞዝ የደገሰ ዓይነት ልጅ። በላብ ተጠምቋል፤ እኔን ለማውጣት።

ምን ልበለው? ይሉኝታ አለ አይደል። «ተባረክ» አልኩት።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው የተጀመረው። በኛ በጴንጤዎቹ ቤት «ተባረክ» ከአፍ አይጠፋም፤ በር ለከፈተልሽ፣ ውሃ ላቀበለሽ፣ ለሁሉም ትያለሽ። ክለቡ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ኦርቶዶክሶች ናቸው፣ እንደዚህ ፊት ለፊት የሚባርካቸው እናታቸው ወይም አባታቸው ነው። ቃሌ ከበደባቸው፤ ወደዱትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላው ገፋኝ፤ ተባረክ። በሚቀጥለውም ሌላው። «ዛሬ ምርቃቱ የማን ነው?» እየተባባሉ ይሳሳቁ ጀመር። እኔም አብሬ እስቃለሁ። እነሱ በደግነት እየተሽቀዳደሙ ወገቤን ይይዛሉ፣ እኔ እጁ የሚያርፍበትን ሰዓት እየጠበቅኩ ቁርጥማት እንደያዘው ሰው ጀርባዬን አገትራለሁ።  ዓርብ ማታ እናቴ ያቀረበችውን እራት ሳልጨርስ እነሳለሁ።

ለምን አልተናገርሽም ይለኝ ይሆናል አንባቢ። እኔም ራሴን እለዋለሁ፣ እናደድበታለሁ። ግን ክፉ የሠራን ሰው መቆጣት ይቀላል። ደግ የሠራን ሰው፣ ላቡ በጉንጩ እየወረደ «አይዞሽ» የሚልን ሰው፣ «እጅህን አንሳ» ብትይው ምን ያስባል? «ምን አሰበችኝ?» ይላል። ይቀየማል። ነውረኛ አደረግሽው ማለት ነው። ከዚያ ማን መሃል ያስገባሻል?

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከኔ በኋላ መጥታ ነበር። እግሯ ከኔ በብዙ ይሻላል። ጥቂት ቅዳሜ ነዳች፣ ጠፋች። ወንዶቹ «ዳገቱ ከበዳት» አሉ፣ ጋሼም «እንግዲህ አልኩሽ እኮ፣ አይቆዩም» ብለው አዘኑ። አንድ ቀን ጳውሎስ ሆስፒታል ፊት ለፊት ካለው ካፌ ማኪያቶ ይዛ አገኘኋት።

«ምነው ጠፋሽ? ዳገቱ ነው እንዴ?» አልኳት።

«ዳገቱስ አልነበረም» አለች። ስኒዋን በማንኪያ አማሰለች፣ ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ... እ... ማለቴ፣ አንቺን አይጨንቅሽም?»

ይጨንቀኛል አላልኳትም። ስለ ፈተናዋ አወራን።

በዓል የተቃረበበት ቅዳሜ ነበር። ሽሮ ሜዳ በእንደዚያ ያለ ቀን ገና በጠዋቱ ይሞላል፤ ነጠላው፣ ጋቢው፣ ቀሚሱ በየሱቁ በር ተሰቅሎ ሸማቹ እስከ አስፋልቱ ድረስ ይወርዳል። ያ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ልጅ ከኋላዬ ነበር፣ መዳፉ ወገቤ ላይ። ከፊታችን የነበረ ሚኒባስ ድንገት ቆመ። በሩ ተከፈተ፣ ረዳቱ ዘሎ ወረደ፤ ተከትለውት አንዲት ሴትዮ ትልቅ የጨርቅ ጥቅል ታቅፈው ወርደው ቀጥታ እኔ ፊት ገቡ።

እኔ አየኋቸው። ልጁ አላየም፤ የሚገፋ ሰው የሚያየው የሚገፋውን ሰው ጀርባ ብቻ ነው። «ቁም!» ልል አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም፤ ልክ እንደ ታክሲው ቀን። እጁ ይገፋኛል። ሴትዮዋ ዞር አሉ፣ ዓይናቸውን አየሁት፤ እንደኔ የፈራ ዓይን ነበር። ሁለቱንም ፍሬን ባለ በሌለ ኃይሌ ያዝኩ።

የተነሳሁት ነጭ ጨርቅ መሃል ነው። ጉልበቴና ክርኔ ተልጧል፣ ሳይክሌ ጥቅሉ ላይ ተጋድሟል፣ የካቴናው ቅባት ጋቢውን አጥቁሮታል። ሴትዮዋ ምንም አልሆኑም፤ «እኔን ይድፋኝ! ጋቢዬን!» እያሉ ይጮኻሉ። ልጁ ግን በላዬ አልፎ ከፊት ለፊት ወድቋል፤ አይጮህም፣ አይንቀሳቀስም፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ሞተ ብዬ አመንኩ። ደም ሳይ የምውል ሴት አጠገቡ ተንበርክኬ የልብ ትርታውን መፈለጊያ ቦታ ጠፋኝ፤ ጣቶቼ የሱን አንገት ይዘው የሚሰሙት የራሴን ልብ ነበር። ዓይኑን ሲገልጥ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ክንዱ እንደተንጠለጠለ ሲያዩ ቁጣቸውን ትተው ከጥቅሉ ውስጥ አንድ አዲስ ነጠላ መዘው አንገቱ ላይ አሰሩለት።

ሆስፒታል ሄደን ትከሻው ጋ ያለው አጥንት ተሰብሯል ተባለ፤ በጊዜ ይድናል አሉ። የተጎዳው አጥንቱ ነው፤ የተወራው ግን የኔ ጣቶች ነገር ነበር። «ፍሬን ያዘች።» ከአንዱ ወደ አንዱ፣ በስልክም በአካልም፣ «ዳገት ላይ፣ እየተገፋች፣ ፍሬን ያዘች።» እናቴ የተላጠ ጉልበቴን በሞቀ ውሃ እያጠበችልኝ «እግዚአብሔር ሲነግርሽ ስሚ» አለች። ልሰማ ምንም አልቀረኝም ነበር። ሳይክሉን መልሼ በረንዳ ላይ አቆምኩት። ሰኞ ጠዋት የታክሲው ሰልፍ ጋ ሄድኩ፣ ሚኒባሱ መጣ፣ ሰው ተገፋፋ፤ እኔ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ስል አጥር ላይ ተለጠፍኩ። ሦስት ሚኒባስ እንዲህ አለፈኝ። በእግሬ ሄድኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መንዳት ቀርቶ ስብሰባ ተባለ። ጎሚስታው ግቢ ውስጥ በአሮጌ ጎማዎች ላይ ተቀመጥን። ልጁም ክንዱን ታስሮ መጣ፤ አጠገቡ ቦታ ለቀቁልኝ፣ አልሄድኩም፣ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። አንዱ ሾፌር ጀመረ።

«እህታችንን ለመውቀስ አይደለም። ግን ብቻውን የሚገፋ ሰው አይቆጣጠራትም። በሁለት ሰው ትገፋ። አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ።»

«ይሻላል» አሉ ሌሎቹ።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ግን ዳገቱ ይቅርባት ባይ ነኝ። እዚያ ሸጎሌ፣ ሜዳው ላይ፣ ከኛ አንድ ሰው እየተመደበላት ትለማመድ። ሌሎች ሴቶች ሲመጡም እዚያው ይሁኑ። ነገ ብትሞትብኝ ለእናቷ ምን እላለሁ?»

ሁሉም ከልብ ነው የሚናገሩት። በደግነት ነው። በደግነት ወይ አራት እጅ ሊጭኑብኝ፣ ወይ ሜዳ ላይ ሊያስቀሩኝ ነው። ሰዎች ከመንገድ ስብሰባ ይሻላል ይላሉ፤ እኔ እንደዚያ ቀን መንገድ ላይ ፈርቼ አላውቅም።  ብሄድ ማንም አያስቆመኝም፤ «ዳገቱ ከበዳት» ይሉና ያዝናሉ፣ ያበቃል። ያ ነው ያናደደኝ። ያ «ከበዳት» የሚለው ቃል ቆሽቴን አሳረረው።

«መገፋት እፈራለሁ» አልኩ።

ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጥኖ ነው የወጣው። ዞር ብለው አዩኝ።

«ዳገቱን አልፈራም። እጁን ነው የምፈራው። ከኋላ ሳይጠይቀኝ ሲመጣ... በቃ፣ እፈራለሁ። መንገዱ አይታየኝም፣ ፍሬኑ አይያዝልኝም፣ ማን እንደሆነ አላውቅም። ታክሲ ላይ እንደዚያ አድርገውኝ ያውቃሉ። ሳይክል የጀመርኩት ከዚያ ለማምለጥ ነው። ያቺ ተማሪም ዳገቱ ከብዷት አይደለም የቀረችው።»

ጎሚስታው እንኳ መዶሻውን አቆመ። ክንዱ የታሰረው ልጅ ነበር መጀመሪያ የተናገረው፤ ፊቱ ቀልቷል።

«ለምን አልነገርሽኝም? ሁልጊዜ ተባረክ ትይኝ አልነበር?»

«ምን ልበልህ ታዲያ? ልርገምህ?»

ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ። ልጁ አልሳቀም። መሬት መሬት እያየ «እኔ እኮ... ይቅርታ» አለ። ያን ጊዜ ሆዴ ባባ፤ የተሰበረው እሱ፣ ይቅርታ ጠያቂው እሱ። ግን የተናገርኩትን አልመለስኩም።

ጋሼ ተቀይመዋል፤ ያን ወግ ለወጣቶቹ ያስተማሩት እሳቸው ናቸውና። በመጨረሻ «እሺ፣ ማንም አይነካሽም» አሉ። «ግን ልንገርሽ። የማይገፉት ሰው ወደ ኋላ ይቀራል። ስትቀሪ ደግሞ ብቻሽን ነሽ። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን መንገድ ብቻሽን አታውቂውም።»

«እቀራለሁ» አልኩ። 

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተነሳን። ሽሮ ሜዳ ላይ ማንም አልነካኝም። አንድ በአንድ አለፉኝ፤ ሲያልፉኝ ለማየት ራሱ ፈርተው በሩቁ፣ ዳርዳሩን። ሱቆቹ ሲያልቁ ጀርባቸው ራቀ፣ ኩርባው ዋጣቸው። ብቻዬን ቀረሁ።

ጋሼ እውነታቸውን ነበር። ባሕር ዛፉ ይጀምራል፣ መንገዱ ጭር ይላል። አጥር ሥር የተቀመጡ ሁለት ወንዶች ወሬያቸውን አቁመው በዓይናቸው ሸኙኝ። አንዱ አንድ ነገር አለ፣ ሁለቱም ሳቁ። ትንሽ ከፍ ስል አንድ ውሻ ከቦይ ወጥቶ ጮኸብኝ፤ እግሬን ከፔዳሉ አንስቼ ልሸሽ ስል ሳይክሉ ሊቆም ምንም አልቀረው፣ እንደገና እየገፋሁ፣ እያማጥኩ አለፍኩት። ከዚያ ከጀርባዬ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። እግር፣ ትንፋሽ፣ የጨርቅ ኮሽታ። እነዚያ ሰዎች ተነስተው ቢሆንስ? ዞሬ አየሁ፤ ማንም የለም። ትንሽ እሄድና እንደገና ይሰማኛል፣ እንደገና እዞራለሁ፣ በዞርኩ ቁጥር መሪው ወደ አስፋልቱ መሃል ይወስደኛል። ልቤ ድም ድም የሚለው ከዳገቱ ይሁን ከፍርሃቱ መለየት አቃተኝ። ልመለስ አሰብኩ። ያልተመለስኩት ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ወደ ታች ስመለስ በነዚያ ሰዎች ፊት ማለፍ አለብኝ።

ጸለይኩ። እናቴ እንደምትጸልየው ረጅም አይደለም፤ «ጌታዬ፣ ሰው አምጣልኝ፣ ግን ከኋላ አታምጣ» አልኩ። እንዲህ ዓይነት ጸሎት ተሰምቶ እንደሆነ አላውቅም።

ከላይ፣ ከኩርባው፣ አንድ ሳይክል ወደ ታች ሲመጣ አየሁ። ማን እንደሆነ እስኪለይ ድረስ አልተነፈስኩም። ጋሼ ናቸው። የዳገቱ ጫፍ ደርሰው፣ ሌሎቹን እዚያ ትተው፣ ያንን ሁሉ ዳገት ተመልሰው ወረዱ። አጠገቤ ሲደርሱ ከፊቴ ሰፋ አድርገው ዞሩና መኪና በሚያልፍበት በኩል፣ ከጎኔ ሆኑ። ሁለቱም እጆቻቸው መሪው ላይ ናቸው፤ ይታዩኛል። ሁለታችንም እናለከልካለን።

«ፈራሽ?» አሉኝ።

«በጣም።»

«እኔም። ወድቃ ባገኛትስ እያልኩ ነው የወረድኩት።» ትንፋሽ ሰበሰቡ። «የት ልሁን?»

«እ?»

«የት ልሁንልሽ ነው የምልሽ። እንዲህ ከጎንሽ ልሁን፣ ወይስ ከፊት?»

በሕይወቴ ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። እንባዬ መጣ፣ ላቡ ስለሸፈነው ደስ አለኝ። «ከፊት» አልኳቸው።

ከፊት ሆኑ። እኔ የጀርባቸውን ላብ እያየሁ፣ ጉድጓድ ሲኖር እጃቸውን ወደ ታች ሲያሳዩኝ ያንን እያመለጥኩ፣ ቀስ ብለን ወጣን። ፍርሃቴ አልተወኝም፤ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ጀርባዬ ይኮማተራል። መጨረሻው ኩርባ ላይ ዳገቱ ቀጥ ይላል። እዚያ ሲደርሱ ጋሼ ደከሙ። ለሁለተኛ ጊዜ ነው የሚወጡት፣ ስልሳውን ያለፉ ሰው ናቸው። ትከሻቸው ግራና ቀኝ ይል ጀመር፣ ሳይክሉ ተወላገደ፣ ትንፋሻቸው ፉጨት ሆነ። ከኋላቸው ነኝ፤ ወገባቸው ከእጄ አንድ ክንድ አይርቅም።

«ጋሼ፣ ልግፋዎት?» አልኳቸው።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። አንድ እጄን ከመሪው ማንሳት እንኳ አልችልም።  ትንሽ ሄድን፤ ጋሼ እንደገና ተወላገዱና ቀና አሉ።

«ተይኝ ልጄ» አሉ ሳይዞሩ፣ በደከመ ድምፅ። «እኔን እኮ ሰው ገፍቶኝ አያውቅም። እፈራለሁ።»

«እሺ ጋሼ» አልኳቸው፣ «አልነካዎትም።»